ጨዋ

ከአላባማ፣ ከጆርጂያ፣ አርብ ማታ መጥተው፣
ግራጫ ካፖርት በማንጠልጠያ ይዘው፣
ያልኖሩበት ዘመን ናፍቆት አስጨንቋቸው፣
የሆቴሉን አዳራሽ ባንዲራ አልብሰው፣
ስለ ኮንፌዴሬሽኑ ሊያወጉ ተቀመጡ፣ ሙታኑን ቀስቅሰው።

የኔ ሥራ ድምፅ ነው፤ ቦታዬ ከኋላ፣
ከገመድ ጥቅልል ጋር፣ ከመጋረጃ ጥላ።
ዛሬ የኢንሹራንስ፣ ነገ የሠርግ ማማ፤
ሁሉን አሰማለሁ፣ አንዱንም አልሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ላይ፦ የጠፋ ኮርቻ፣
የጄኔራሉ ፈረስ የበላው ገብስ ብቻ
አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ጭብጨባ ተከተለ፤
«ጥያቄ አለ?» ተባለ፤ ጥያቄ ግን የለ።
የጥጥ ነገር ሲነሳ፣ ጥጡ ራሱን ለቅሞ፣
ራሱን ከምሮ፣ ራሱን ተሸክሞ፣
በቶምቢግቢ ወንዝ ወረደ፤ ወደብ ደረሰ ቀድሞ።

ሰብሳቢው ዳብኒ ራውልስ፣ ጢሙ የተበጠረ፣
«ኮሎኔል» ይሉታል፤ ጥርስ ሐኪም ነበረ።
«ቀጣይዋ ተናጋሪ» አለ፣ ድምፁን አክብሮ፣
«የጨዋ ልጅ ናት፤ የጨዋ ዘር ናት ከድሮ።»

ኢውላ ፔተስ ወጣች፤ ሰማንያ አንድ ዓመት፣
የሂሳብ አስተማሪ፣ የላላ መነጽር፣ የቀና አንገት።
የቅድመ አያቷን ደብዳቤ፣ ከጦር ሜዳ ለሚስቱ የጻፈውን፣
በየዓመቱ ታነባለች አንደኛ ገጹን፤
ሁለተኛው ግን በእርጥበት ተጣብቆ፣
መቶ ስድሳ ዓመት ኖሯል ተደብቆ።
ዘንድሮ የልጅ ልጇ በእንፋሎት አላቀቀ፤
አንብባው አታውቅም፤ ለዛሬ ተጠበቀ።

አነበበች፦ ስለ ጠል። አነበበች፦ ስለ ኮከብ።
አዳራሹ ተከዘ፤ አንዲት ሴት በመሐረብ
ዓይኗን ጠራረገች። ገጹ ተገለበጠ።
ድምፅዋ መጀመሪያ ምንም አልተለወጠ፦

«ስለ ጨው ጽፈሻል፤ ሥጋው ሊበላሽ ነው፤
እኔም ሰምቻለሁ፣ ወደቡ ዝግ ነው።
የቫይኒን ልጅ ስጪ፣ ኢሻምን፣ ትንሹን፤
ነጋዴው ይወስዳል፤ ተቀበይ ጨውሽን፤
ሁለት ጆንያ ሙሉ፣ ከሁለት እንዳያንስ።
እናቱ እርሻ ሳለች ይሁን፣ በቀን፣ እንዳታለቅስ።»

ራውልስ ከፊት ወንበር ወደ እኔ ዞረና
አንገቱን በጣቱ አረደ፤ እንደገና
አረደ፤ ምልክት ነው፣ «ድምፁን አጥፋ» ማለት።
እጄ ቁልፉ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት
በጥቅሻ ታዝዣለሁ፣ ሳልዘገይ፣ ሳልስት።
ያን ጊዜ ግን ጎንበስ ብዬ የገመዱን ጫፍ መፈለግ ያዝኩ።
ረጅም ገመድ ነው።
                     ጠፋኝ እንበል። ቆየሁ።

እሷ መነጽሯን አወለቀች። ክፍል የገባች ይመስል፦
«አንድ ጆንያ ጨው ስንት አሳማ ያቆያል?
ሁለቱስ? አንድ ቤተሰብ በስንት ወር ይጨርሰዋል?
ልጁ» አለች፣ «ስንት ወር ተበላ?»
                                     መልስ ጠፋ።
በኮሪደሩ የበረዶ ማሽኑ ብቻ አንኮራፋ።

ከዚያ ምሳ ሆነ። የአሳማ ሥጋ ነበር።
«ማንም ጨው አልነካም» ብል ታሪኩ ባማረ ነበር፤
ግን ነኩ። ነሰነሱ። አንዱ እንዲያውም «አቀብለኝ» ሲል ሰማሁ፤
እኔም፣ ልደብቅ አልችል፣ ቆሜ በላሁ።

እሑድ ገመድ ስጠቀልል መጣች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፤
«ድምፄ በሩ ደርሷል? ወይስ መሐል ጠፋ?»
«ከበሩም አልፏል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤
በመኪና ማቆሚያው በዝግታ ራቀች።

ራውልስ ጉርሻ ሳይሰጥ ወጣ፣ ሳያየኝ።
ሦስት ቀን የሰማሁት አንድ ቃል ከበበኝ፦
የጨዋ ልጅ፣ የጨዋ ዘር፣ የጨዋ አጥንትና ደም።
ከዚያ ሁሉ ንግግር ሌላ ትዝ አይለኝም፦
ሁለት ጆንያ ጨዋ በግራ ሚዛን ላይ፤
በቀኙ የጨዋ ልጅ፣
ኢሻም፣ ወደ እርሻው የሚያይ።